አራት ከአስር

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የምጽፈው ስለ ራሴ ስህተት ነው። የልጅቷን ነገር የማወራው ደግሞ እሷንም ወንድሟንም አስፈቅጄ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ለአስራ አንደኛ ክፍሎች የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ «ያነበባችሁትን አንድ ልቦለድ መርጣችሁ ገጸ ባሕርያቱን ተንትኑ።» አራት ሴክሽን አስተምራለሁ፣ በየሴክሽኑ 60 ተማሪ አለ። መምህር የሆናችሁ ክምሩን ታውቁታላችሁ። አብዛኛው የተለመደው ነው። ጥርሷ በረዶ፣ አንገቷ ብርሌ፣ መጨረሻ ላይ «ከዚህ ልቦለድ የምንማረው ነገር ቢኖር...»።

አንዷ ልጅ ግን ላይብረሪያችን ጥግ ከተከመሩት የእርዳታ መጻሕፍት ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልቦለድ አግኝታ፣ እሱን አንብባ በአማርኛ ሁለት ገጽ ተኩል ጻፈች። መግቢያ የለው፣ መደምደሚያ የለው፣ «እኔ» «እኔ» ይበዛዋል። ደክሞኝ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ «ከርዕስ የወጣ፣ የድርሰት ሥርዓት ያልጠበቀ» ብዬ 4 ከ10 ሰጠኋት።

በሳምንቱ ስታፍ ድረስ መጣች። «ቲቸር፣ ማርኩ ይሁን። ግን አንብበውታል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላነበብኩትም ነበር። አርሜው ነበር እንጂ።

ማታ ቤት ወስጄ አነበብኩት። መጽሐፉ የኤስ. ኢ. ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» ነው። ፖኒቦይ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ራሱ ይተርከዋል። ወላጆቹ በመኪና አደጋ ሞተዋል። የሚያሳድገው ታላቅ ወንድሙ ዳሪ ነው፣ እሱም ገና 20 ዓመቱ። ዳሪ ይቆጣል፣ ይጮሃል፣ አንድ ቀንም በጥፊ ይመታዋል። ልጁ ወንድሜ ይጠላኛል ብሎ ነው የሚያምነው።

ተማሪዬ ስለዚህ እንዲህ ጽፋለች፦ «ደራሲዋ ዳሪ ወንድሙን ይወዳል ብላ አልነገረችንም። ሲጮህ ነው የምናየው። ፖኒቦይ ስላልገባው እኛም አልገባንም። ሆስፒታል ውስጥ ዳሪ ሲያለቅስ ሲያየው ነው እሱም እኛም አብረን የነቃነው።» እኔ ይህንን «የአንደኛ መደብ አተራረክ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ትርጉሙን አስገልብጬ ነው የማልፈው። ልጅቷ ግን ለምን እንደሚጠቅም ሳላስተምራት ደርሳበታለች።

ስለ ዳሊም ጽፋለች፣ ምንም አይመስለኝም ባዩ ልጅ። «ደንታ የለኝም ያለው ብዙ ደንታ ስላለው ነው። ጆኒ ሲሞት ነው ያወቅነው። ሰውን መልኩን ቢነግሩኝ አላውቀውም፣ የሚደብቀውን ቢነግሩኝ ግን አውቀዋለሁ።» በረዶና ብርሌ ለዓመታት ሳርም ለኖርኩት ሰው ይህች አረፍተ ነገር ምን እንደምትል አስቡት።

ከዚያ ይህ አለ፦ «የኔም ወንድም ይጮሃል። ሳመሽ ይጮሃል፣ ደብተር ስጥል ይጮሃል። ዩኒቨርሲቲ ያቋረጠው በማን ምክንያት እንደሆነ ግን አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።» በቀይ አስምሬ «ከርዕስ የወጣ» ያልኩት እዚህ ጋ ነበር።

ስለ ደራሲዋ ሳነብ ደግሞ ይባስ አፈርኩ። ሂንተን ይህን መጽሐፍ መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ፣ ቱልሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። እሱን በምትጽፍበት ዓመት በፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ዲ ማግኘቷን ራሷ ተናግራለች። የልቦለዱ መጨረሻም ያስቃል፣ ያሳዝናል። ፖኒቦይ ሊወድቅ ሲል መምህሩ ጥሩ ድርሰት ካመጣህ በሲ አሳልፍሃለሁ ይለዋል። ያነበብነው መጽሐፍ ያ ድርሰት ነው። ያ መምህር እኔን ቢሆንስ ኖሮ?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሳጫውተው «አራት ነጥብ የት እንደሚገባ ሳያውቁ ምን ልቦለድ ልቦለድ ትላለህ?» አለኝ። ልክ ነው፣ የሷም ወረቀት ስህተት ሞልቶታል። ፈተናውም ምርጫ ነው፣ ኤ ቢ ሲ ዲ፣ ድርሰት ማን ይጠይቃል? እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው የምጣላው። ልጁ ምን ሊል እንደፈለገ ከሰማን በኋላ አራት ነጥቡን ብናሳየው ይቀበለናል። ሳንሰማው ካረምነው የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝም ማለትን። በሚቀጥለው ጊዜ ጥርሷ በረዶ ብሎ 8 ይወስዳል፣ እኛም ጎበዝ እንለዋለን።

240 ወረቀት እንዲህ ማንበብ አልችልም፣ አልዋሽም። ስለዚህ በሳምንት አስር ደብተር ብቻ እሰበስባለሁ። አንድ ገጽ፣ የፈለጉትን፣ ማርክ የሌለው። በዓመት ቢያንስ አንዴ ለሁሉም ይደርሳል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ በሰማያዊ።

ልጅቷ በኋላ «በአማርኛስ በኛ ዕድሜ ያለ ልጅ አለ?» አለችኝ። ፍቅር እስከ መቃብርን ሰጠኋት፣ በዛብህን ከልጅነቱ ጀምሮ ተከተዪው ብዬ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ የጻፈችውን አነበበች፦ «ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ሲሳሉት በዛብህን ማንም አልጠየቀውም።» ቤተሰብ መርጦ ናቹራል ያስገባቸው ልጆች ሳቁ። ከዚያ ክፍሉ ዝም አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፣ ልጆቹ ግን ስለ ራሳቸው የተጻፈ ያህል ሰሙት።

ማርኩን ላስተካክልልሽ ስላት «ይተዉት ቲቸር፣ ቀጣዩን ያንብቡልኝ» አለችኝ። አሁን ስለ አንድ የሚጮህ ወንድም ታሪክ እየጻፈች ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ንግግሩ ይንዛዛል፣ ነግሬያታለሁ፣ ተከራክራኛለች።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተንስ እንዴት አድርጌያችሁ ነበር? ሳላነብ ያረምኩት ነገር ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አልቀየምም። ደብተሩን ያልጣላችሁ ካላችሁ ደግሞ ይዛችሁት ኑ፣ አሁን አነበዋለሁ።