ሰዓቱ ያተረፋቸው ልጆች፦ የትምህርት ቤቶች ደኅንነት ለአጋጣሚ መተው የለበትም

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1933፣ ዓርብ ምሽት 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ በካሊፎርኒያ የምትገኘው ሎንግ ቢች ከተማና አካባቢዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። 70 የሚያህሉ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፤ ሌሎች ብዙዎችም ክፉኛ ተጎዱ። ተማሪዎቹ ግን ቀደም ብለው ወደየቤታቸው ሄደው ነበር። የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ከዚህ የተረዱት ነገር ግልጽ ነበር፤ ልጆቹን ያተረፋቸው ሕንፃው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ «የፊልድ ሕግ» በመባል የሚታወቀውን ሕግ አወጡ። በዚህ ሕግ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤት ንድፍ በግዛቲቱ ባለሙያዎች ሳይመረመር አይሠራም፤ ግንባታውም በየደረጃው በተቆጣጣሪ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚያ ታሪክ የሚመነጭ ነው። ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው በሕግ ግዴታም በእምነትም ነው። ስለሆነም የተማሪው ሕይወት አደጋው በሚደርስበት ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን አይገባም። ለዚህም ሦስት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው፤ በጊዜው የሚደርስ ማስጠንቀቂያ፣ የሚያስጠልል ስፍራ፣ አስቀድሞ የተወሰነና የተለማመዱት ውሳኔ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን የሚከተሉት ሁለት ክስተቶች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው በኦክላሆማ ግዛት በሙር ከተማ የደረሰው ነው። ሙር እ.ኤ.አ. በ1999 እጅግ ኃይለኛ በሆነ ቶርኔዶ ተመትታ ነበር፤ ነገር ግን ነፋሱ የመጣው ምሽት ላይ፣ ክፍሎች ከተበተኑ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2013 ሌላ ቶርኔዶ መጣ፤ ይህኛው ግን ሰኞ ከቀትር በኋላ ነበር። የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ነፋሱ ምድር ከመንካቱ 16 ደቂቃ በፊት ማስጠንቀቂያ አስተላልፈዋል። መምህራኑም ልጆቹን በውስጠኛ ግድግዳዎች ሥር አስጠግተው በገዛ ሰውነታቸው ሸፈኗቸው። ሆኖም የፕላዛ ታወርስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጠለያ ክፍል አልነበረውም፤ በዚያ ሰባት ልጆች ሞቱ። ማስጠንቀቂያው ነበር፤ የመምህራኑ ጀግንነትም ነበር፤ የጎደለው ስፍራው ነው። ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲሠራ መጠለያ ተጨመረለት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድም ቶርኔዶ በሚበረታባቸው አካባቢዎች የሚሠሩ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች መጠለያ እንዲኖራቸው ደነገገ። ትምህርቱ ተገኝቷል፤ ዋጋው ግን በልጆች ተከፍሏል።

ሁለተኛው በጃፓን የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ከታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የባሕሩ ማዕበል እስኪደርስ 50 ደቂቃ ያህል ነበረ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባም ኮረብታ አለ። ነገር ግን የት እንደሚሸሽ አስቀድሞ ባለመወሰኑ ተማሪዎቹ በግቢው ውስጥ ቆዩ፤ 74 ልጆችና 10 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጡ። የሰንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 የሰጠው፣ በቀጣዩ ዓመትም በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጸናው ውሳኔ ለእኛ ጥናት መስክ ትልቅ ትርጉም አለው። ፍርድ ቤቱ ጥፋቱን ያገኘው በዚያች ቀን ድንጋጤ ሳይሆን፣ ከዚያች ቀን በፊት በቂ የመሸሻ ዕቅድ ባለመዘጋጀቱ ላይ ነው። በአንጻሩ በካማይሺ ከተማ ለዓመታት የተለማመዱ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እየያዙ ወደ ከፍታ ሮጡ፤ ከ3 ሺህ የሚጠጉት የከተማዋ ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተረፉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እስካሁን የጠበቀን በአመዛኙ ሰዓቱ እንደ ሆነ እናያለን። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ከደረሱት ተከታታይ መንቀጥቀጦች ኃይለኛ ከሆኑት አንዱ የተከሠተው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥም የመጣው በሌሊት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎችን የቀበረው የመሬት መንሸራተት የደረሰው በክረምት፣ ትምህርት በተዘጋበት ወር ነበር። በጎፋ ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረቡ እንደ ነበር ልብ ይሏል። ይህ ሁሉ የሆነው ከረፋዱ 4 ሰዓት በተሞላ ክፍል ላይ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚመስል ማሰብ ያስጨንቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሯል። መስኮቶቹ ለሌባ ተብሎ በብረት ፍርግርግ የተዘጉ፣ ብቸኛው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ የግቢው በር ደግሞ አርፋጅ እንዳይገባ በቁልፍ የሚቆለፍ ነበር። በሁለት ዓመት ቆይታው አንድም ጊዜ የመውጫ ልምምድ አላየም። እርሱም ቢሆን እንዲደረግ አልጠየቀም፤ ይህን የሚጽፈውም በከፊል ስለዚህ ነው።

«የመማሪያ ክፍል እንኳ ለማይበቃው አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ ይታወቃል። መከራከሪያው ሊናቅ አይገባውም፤ ነባር ትምህርት ቤቶችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማጠናከር አይቻልም። ይሁን እንጂ አገራችን መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ዲዛይን ኮድ ካላት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የሚጎድለው በየቀበሌው በሕዝብ መዋጮ በሚሠራው ክፍል ላይ መፈጸሙ ነው። የጭቃና የእንጨት ክፍሎች በብሎኬት ሲተኩ እንደ እድገት እናየዋለን። ነገር ግን በኮለንና በቢም በአግባቡ ያልታሰረ የብሎኬት ግድግዳ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ከቀላሉ የጭቃ ግድግዳ ይልቅ ገዳይ ሊሆን ይችላል። በጦርነት የተጎዱ ትምህርት ቤቶች እንደገና በሚሠሩበት በዚህ ወቅት ጥንቃቄውን ከመሠረቱ መጨመር፣ ኋላ አፍርሶ ከመጠገን እጅግ ይረክሳል።

ስለዚህ ጸሐፊው ሦስት እርምጃዎችን ያቀርባል። አንደኛ፣ በስምጥ ሸለቆና በተዳፋት አካባቢዎች የሚሠራ ማንኛውም አዲስ ትምህርት ቤት ስፍራውና ንድፉ በባለሙያ ሳይመረመር አይጀመር። ሁለተኛ፣ በነባሮቹ ውስጥ ገንዘብ የማይጠይቀው ቅድሚያ ያግኝ፤ በሮች ወደ ውጭ ይከፈቱ፣ ከየክፍሉ ቢያንስ የአንድ መስኮት ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፣ የግቢው ቁልፍ በማን እጅ እንደሚገኝ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ በየመንፈቀ ዓመቱ ልምምድ ይደረግ፤ በጎፋ እንዳየነው ከመሸሽ ባሻገር ለመርዳት መቼ መመለስ እንደማይገባም ልጆች ይማሩ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች ባዶ ክፍሎች ሲፈርሱ አይተው በወሩ ሕግ አወጡ። እኛም ሌሊት ያለፈውን መንቀጥቀጥ እንደ ምሕረት ብቻ ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ ልንቆጥረው ይገባል።