ለአሮጊቷ ቮልስዋገን አዲስ አክስል ነውር ነውን?

የጥንታዊ መኪና ወዳጆች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም አሮጌ መኪና ከፋብሪካዋ እንደ ወጣች መኖር ይገባታል ወይስ በኋለኛው ዘመን የተሻሻለ ዕቃ ቢገባላት ነውር የለውም የሚለው ነው። ክርክሩ ስለ ቀለም ወይም ስለ ወንበር ልብስ የሆነ እንደ ሆነ ለየሰው ምርጫ ትቶ ማለፍ ይቻላል። ስለ ኋላ አክስል የሆነ እንደ ሆነ ግን ከምርጫ ያለፈ ነገር ነው፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት እናትና ሕፃናት በክርክሩ ውስጥ ድምፅ የላቸውምና።

ለዚህ ጉዳይ ቮልስዋገንን የመሰለ ምሳሌ አይገኝም። በልማድ «ቮልስ» የምንላት ይህች ክብ መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻይቱ በ2003 በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ወጥታለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በአዲስ አበባ ጎዳናም ዛሬ ድረስ ስትሄድ ትታያለች። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የወረሳትን ቮልስ ጠግኖ ለመንዳት የሚያስብ ወጣት ሠራተኛ ቢኖር የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲህ ያለው ወጣት አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ምንድን ነው? ስለ ሞተሩ ነዋ! ባለ 1200ውን አውጥቶ ባለ 1600 ያስገባል፤ ቀጥሎ ሰፋፊ ጎማ ይገዛል። የኋላውን አክስል የሚያስታውሰው የለም። ሞተር ይሰማል፣ ጎማም ይታያል፤ አክስል ግን አጎንብሶ ከሥር ለሚመለከት ካልሆነ አይታይም። እኔ እንደሚመስለኝ ተራው መገልበጥ ይገባዋል።

ምክንያቱን ለማስረዳት አንባቢዬ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ መዳፉን ቀጥ አድርጎ እንዲያቆም እለምነዋለሁ። አሁን የእጁን አንጓ ሳያጥፍ፣ ከትከሻው ብቻ ክንዱን ዝቅ ቢያደርግ መዳፉ አብሮ ያዘነብላል። የአሮጊቷ ቮልስ የኋላ አክስል አሠራሩ ይኸው ነው። በግራና በቀኝ ያለው የጎማ ዘንግ የሚታጠፈው ከካምቢዮው አጠገብ በአንድ መገጣጠሚያ ብቻ ስለ ሆነ፣ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ከዘንጉ ጋር አብሮ ይጋደማል። ሐሳቡ የቮልስዋገን ፋብሪካ አይደለም፤ ኤድሙንድ ሩምፕለር የተባለው ኦስትሪያዊ መሐንዲስ በ1903 የፓተንት መብት ያወጣበት ነው። በዘመኑ ትልቅ ብልሃት ነበረ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በጕድጓዳም መንገድ ላይ የአንዱ ጎማ መንገጫገጭ ሌላውን አይነካውም። ቮልስ በአገራችን ኮረኮንች ላይ ስሟን ያስጠራችው ከዚህም የተነሣ ነው።

ጕድለቱ የሚታየው በጠመዝማዛ ቍልቍለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር በኩርባው መካከል ፍጥነቱ በዛብኝ ብሎ በድንጋጤ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቢያነሣ፣ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይሄድና ኋላዋ ቀለል ብሎ ይነሣል። ኋላዋ ሲነሣም በኩርባው ውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መሬቱን በጠርዙ ብቻ ይይዛል። ጎማው ሲታጠፍ አካሏን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አካሏ ሲነሣ ደግሞ ጎማው ይበልጥ ይታጠፋል። ከዚህ በኋላ ጭራዋ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሲብስም ትገለበጣለች። ልብ ይሏል፣ ሾፌሩ ያደረገው የፈራ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው።

ይህ ነገር በአሜሪካ ብዙ ቀለም አስፈስሷል። ሸቭሮሌት በ1960 ኮርቬር የምትባለውን መኪና በዚህ ዓይነት አክስል አውጥቶ ነበር፤ ራልፍ ኔደር የተባለው የሕግ ባለሙያ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለእርሷ ክስ ሰጠ። እውነቱን ለመናገር ክሱ ሁሉ አልጸናም። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኮርቬርን ከሌሎች የዘመኗ መኪናዎች ጋር፣ ከቮልስዋገንም ጭምር፣ አወዳድሮ በ1972 ባወጣው መግለጫ ከእነርሱ የባሰች አይደለችም ብሏል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ራሱ በ1964 ከኋላ ተጨማሪ ባሌስትራ አስገብቶ፣ በ1965 ደግሞ አክስሉን ከነጭራሹ ለውጦታል። እኔ ከጸሐፊዎች ክርክር ይልቅ የሠሪው እጅ የሠራውን አምናለሁ።

ቮልስዋገንም ያንኑ መንገድ ተከተለ። በ1967 ሞዴል ጎማዎቹን የሚያግዝ አንድ ብረት ከኋላ ጨመረ። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ በ1968 በከፊል አውቶማቲኮቹ፣ በ1969 ደግሞ በሁሉም፣ ዘንጉ በሁለት በኩል የሚታጠፍበትን አዲስ አክስል አገባ። የእጅ አንጓ ተጨመረለት ማለት ነው፤ ጎማውም ቢወጣ ቢወርድ እንደ ቀድሞው አይጋደምም። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ ግን ከዚያ በኋላም በአሮጌው አክስል ቀጥለዋል። ስለዚህ የሊብሬውን ዓመት አይቶ «የእኔዋ አዲሱ ነው» ማለት አያዋጣም፤ ከሥር ገብቶ ማየት ነው። ከካምቢዮው እስከ ጎማው ድረስ ወፍራም ቧንቧ ከተዘረጋ አሮጌው ነው፤ በሁለት ጫፉ የጎማ ልባስ ያለበት ቀጭን ዘንግ ከታየ አዲሱ ነው።

እንግዲህ አዲሱን በአሮጊቷ ላይ ማግባት ይቻላል፤ በውጭ አገር የቮልስ ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ሥራ ነው። ነገር ግን ብሎን ፈትቶ ብሎን እንደ ማሰር ያለ ሥራ አይደለም። አዲሱ አክስል ጎማውን የሚይዝበት አግድም ክንድ አለው፤ ክንዱ የሚታሰርበት ጆሮ በአሮጊቷ ሻንሲ ላይ ስለሌለ መበየድ አለበት። ካምቢዮውም ለአዲሶቹ ዘንጎች የሚስማማ ሆኖ ካልተገኘ ይለወጣል፤ የፍሬን ቱቦውና የእጅ ፍሬን ገመዱም በልክ መሆናቸው ይታያል። ሁሉም እዚያው ብየዳው ላይ ያርፋል። የግራውና የቀኙ ጆሮ በልኬት ሳይሆን በዓይን ግምት ከተበየደ አንዱ ጎማ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ ያያል፤ ያን ጊዜ መኪናዋ ከአሮጌው አክስል የባሰች ትሆናለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንዲህ ያለው ብየዳ ይመስለኛል።

ሠራተኛውም ራሱን መጠበቅ አለበት። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለ ሆነ፣ ብየዳ ሳይጀመር ባትሪውም ወንበሩም ይወጣል። ከጎማው ወደ ፊት ያለው ሰፊ ብረት በሞላው ዘንግ ኃይል ተወጥሮ የተቀመጠ ነው፤ ሳይዙት የፈቱት እንደ ሆነ አጥንት ይሰብራል። ያ ዘንግ በአንድ ጫፉ 40፣ በሌላው 44 ጥርስ አለው። የውስጡን በአንድ ጥርስ ወደ አንድ ወገን፣ የውጩን በአንድ ጥርስ ወደ ሌላው ሲያዞሩት የሚገኘው ለውጥ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። ፋብሪካው ይህን ያህል ረቂቅ መለኪያ የሰጠው የሁለቱ ጎን ከፍታ እኩል እንዲሆን ነው። ጊዜ የለኝም የሚል መካኒክ ይህን ሥራ ባይቀበል ይሻላል፤ ባለመኪናውም ባይሰጠው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ልመለስ። አንዳንዶቹ «ቀስ ብሎ መንዳት ነው» ይላሉ። አባባሉ አይናቅም፤ አሮጌውን አክስል ይዞ ዕድሜ ልኩን በደኅና የነዳ ሾፌር ብዙ ነው። ነገር ግን ከኩርባው ማዶ ድንገት ለገባ በሬ ወይም ሕፃን ቀስ ብዬ ነበር ማለት አይበቃም። ደግሞም ባለ 1600 ሞተር ያስገባ ሰው ይህን ምክር ሲናገር መስማት ያስቃል!

ሌሎቹ ታሪክ ይጠፋል ይላሉ። ከእነዚህ ጋር በግማሽ እስማማለሁ። አንዲት ቮልስ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሳትነካ የኖረች፣ ለበዓልና ለሰልፍ ብቻ የምትወጣ ከሆነች እጅ አይንካት፤ ብየዳውን በኋላ ማንሣት እጅግ አስቸጋሪ ነውና። በየቀኑ ሥራ የምትሄድ፣ ሞተሯም መብራቷም ሦስት ጊዜ የተለወጠ ቮልስ ግን በአክስሏ ብቻ ቅርስ ልትባል አትችልም። ለእርሷ ገንዘቡ የተገኘ እንደ ሆነ ከሞተር በፊት አክስል ይግባላት። ገንዘቡ ካልተገኘ ግን በቀድሞው ሞተሯና በቀጭን ጎማዋ ትቈይ።

የወጣው አሮጌ አክስልም ከነቧንቧው ግራሶ ተቀብቶ ይቀመጥ፤ ለቁራሌው አይሰጥ። መኪናዋ ስትሸጥ ብየዳውን ማን፣ መቼ፣ በምን ልኬት እንደ ሠራው በወረቀት ተጽፎ ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይተላለፍ። ገዢው አጎንብሶ ቢያይም፣ የውስጡን ብየዳ ከቀለሙ ሥር ሊያየው አይችልምና።