የኮምፒውተሩን ቁልፍ ለማን እንስጥ?

«ሲስተም የለም!» በባንክ መስኮት ፊት ተሰልፎ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ቃሉ ሁለት ብቻ ነው፤ ከተነገረ በኋላ ግን ሠላሳ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ ገንዘብ ከፋዩም እንደ ደንበኛው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ከመስኮቱ በስተ ጀርባ አንድ ሰው ስልክ ማንሣት አለበት። የሚደወለው ለማን ነው? ከላይኛው ፎቅ ለተቀመጠው የድርጅቱ የአይ ቲ ሠራተኛ ነውን? ወይስ በውል ለተያዘ ሌላ ኩባንያ? የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው።

አንባብያን ሆይ፤ ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች ወይም ጀማሪ ሠራተኞች ስለ ሆናችሁ «ይህ የአለቆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ማስታወሻውን የሚያረቅቀው ማን ነው? አለቃው «እስቲ የትኛው እንደሚሻል አጥንተህ አቅርብልኝ» ብሎ ወረቀቱን የሚገፋው ወደ እናንተ ጠረጴዛ ነው።

አጥኚው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከደመወዝ ነው። የሠራተኛው ደመወዝ በአንድ ወገን፣ የኩባንያው ክፍያ በሌላው ወገን ይጻፍና ያነሰው ይመረጣል። ይህ ስሌት ሐሰት ነው ባልልም ግማሹን ረስቷል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ ሌትና ቀን ሰርቨር የሚጠብቅ ለማቆም ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል፤ ያውም ሕመምና የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር። አሥር ኮምፒውተር ያለው ነጋዴ ይህን ያህል ባለሙያ ቢቀጥር ምን ሊተርፈው ነው? ለእንዲህ ያለው ሰው ውል መግባት ይሻለዋል፤ በዚህ አልከራከርም።

ዳሩ ግን የኮምፒውተር ድጋፍ የምንለው አንድ ሥራ አይደለም። ማተሚያው ወረቀት ሲይዝ ማላቀቅ፣ አዲስ ኮምፒውተር መትከል፣ በሌሊት ሰርቨር መጠበቅ ለማናቸውም ታማኝ ሙያተኛ ሊሰጥ ይችላል። ማን የትኛውን መዝገብ እንዲያይ መፍቀድ፣ የይለፍ ቃል የጠፋበትን ሰው ማንነቱን አረጋግጦ አዲስ መስጠት ግን ጥገና አይደለም፤ የቤቱን ቁልፍ መያዝ ነው።

በረኪና በመሥራት የታወቀውን የአሜሪካ ኩባንያ ክሎሮክስን ተመልከቱ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ወንበዴዎች በኮምፒውተር መረቡ ውስጥ ገቡበትና ሥራው ተሰናከለ፤ ዕቃውም በየሱቁ አጠረ። በ2025 ኩባንያው፣ የሠራተኞቹን የእርዳታ ስልክ በውል ይዞ የነበረውን ኮግኒዛንትን 380 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠይቆ ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ሌባው ረቂቅ ጥበብ አላስፈለገውም። ስልክ ደውሎ የይለፍ ቃል የለኝም አለ፤ ያነሣውም ሰው ማን መሆኑን ሳያረጋግጥ ሰጠው። ኮግኒዛንት በበኩሉ የተዋዋልሁት ለተወሰነ የእርዳታ አገልግሎት እንጂ የኩባንያውን ደኅንነት ለመጠበቅ አይደለም ሲል ጥፋቱን አልተቀበለም። ፍርዱን ለዳኞች እንተወው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሁለት ታላላቅ ድርጅቶች በአንድ ውል ላይ ፈርመው የተረዱት ለየቅል መሆኑን ማየት ነው።

ጄ ፒ ሞርጋን ቼዝ የተባለው ባንክም በ2002 ከአይ ቢ ኤም ጋር የ7 ዓመትና የ5 ቢሊዮን ዶላር ውል ተዋዋለ፤ 4,000 ያህል ሠራተኞቹም ወደ አይ ቢ ኤም እንዲዛወሩ ተወሰነ። በ2004 ባንክ ዋን ከተባለው ጋር ከተዋሐደ በኋላ ውሉን አፍርሶ ሥራውን ወደ ቤቱ መለሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ሰው ማውጣትና ማስገባት!

ታዲያ ለውጭ ሰው መስጠት ሁሉ ክፉ ነውን? አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ሲቋቋም የተዋዋለው ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ጋር ነበር፤ አብራሪውም መካኒኩም ሥራ አስኪያጁም የውጭ አገር ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያውያን ከአጠገባቸው ሆነው ይማሩ ስለ ነበር በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ትምህርት የሌለበትን የኮምፒውተር ውል እኔ በበኩሌ አልወደውም።

ረቂቁ በእጃችሁ ሲገባ ቁጥሮቹን ራሳችሁ አስሉ። «99 ከመቶ ያለ ማቋረጥ ይሠራል» የሚል ቃል ያማረ ነው፤ ዓመቱ ግን 8,760 ሰዓት ስለ ሆነ የቀረው አንድ ከመቶ 87 ሰዓት ከግማሽ ያህል ነው። ይህ ደመወዝ በሚከፈልበት ሳምንት ላይ ቢወድቅ ውሉ አልፈረሰም። «በ30 ደቂቃ ምላሽ እንሰጣለን» ሲልም ልብ በሉ፤ «መልእክትዎ ደርሶናል» ማለትም ምላሽ ነው። መጠገኛው ሰዓት የት ተጻፈ? ውሉ ሲያልቅስ መዝገቡን በምን መልክ፣ በስንት ቀን ያስረክባል? የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በድርጅቱ ነው ወይስ በተቋራጩ?

መቶ ሁለት መቶ ሠራተኛ ላለው ድርጅት እኔ የምመክረው የሌሊቱን ጥበቃና የጥገናውን ሥራ በውል ሰጥቶ፣ ቁልፉን የሚይዝና ተቋራጩን የሚቆጣጠር አንድ ሁለት የራስ ሰው ማስቀረት ነው። አለቃው «አይሆንም፤ ልጁ ይሰናበት» ካለ ደግሞ የክሊራንሱን ወረቀት እዩት። ወንበሩን፣ ካልኩሌተሩን፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ማስረከቡ ይጠየቃል፤ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መስመር ግን ብዙ ጊዜ የለበትም። እርሱ ከመፈረሙ በፊት ያን መስመር በእጃችሁም ቢሆን ጨምሩበት።