ስለ አዲስ ማዕድ ቤት የኤሌክትሪክ መስመርና ስለ ሻጩ ኃላፊነት

በጉለሌ፥ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባለው ሠፈር፥ አሮጌውን ማዕድ ቤት አፍርሶ በአዲስ መሥራት እየተለመደ መጥቷል። በእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው በዚህ ሠፈር እንጀራ ለብዙ ዘመን ሲጋገር የኖረው ከተራራው በሚወርድ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተተክቷል። ጢሱ ቀርቶ የእናቶቻችን ዓይን ማረፉ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ በጢሱ ፈንታ የማይታይ አደጋ እንዳይገባ መጠንቀቅ የሚገባው የቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ሽቦውን የሚያስመጣውና የሚሸጠው ነጋዴም ጭምር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ስለሚስብ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የሚወስድ ምድጃ ቢጨመርበት ድምሩ 25 አምፔር ይሆናል። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን አይሸከምም፤ ለተራ ሶኬት የሚሆነው 2.5 እንኳ ይከብደዋል። ስለዚህ ለምጣዱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፥ ከራሱ ብሬከር ጋር፥ ለብቻው መዘርጋት ይገባል። በሽቦው የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን አይዘንጋ።

በልማዳችን ማዕድ ቤት ከዋናው ቤት ተነጥሎ በጓሮ ስለሚሠራ መስመሩ ይረዝማል። ርቀቱ 20 ሜትር ቢሆንና ምጣዱ በ1.5 ሽቦ ቢሠራ፥ በግምት 120 ዋት ሽቦውን በማሞቅ በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ሽቦው 4 ቢሆን ግን የሚባክነው 50 ዋት አይሞላም። እንግዲህ በቀጭን ሽቦ ተረፈ የተባለው ገንዘብ በየወሩ በቆጣሪው በኩል ተመልሶ ይከፈላል ማለት ነው።

ሰው ግን ፊውዙ ሲቃጠል ምክንያቱን ከመመርመር ይልቅ በወፍራም ሽቦ ይተካዋል፤ የላላውን መገናኛ በናስትሮ ይጠቀልለዋል፤ ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦም ትርፍ ወጪ ነው ብሎ ይተወዋል። ውኃና እንፋሎት በማይለዩት ክፍል ይህ ሽቦ የሕይወት ዋስ ነው።

«እኔ የተጠየቅሁትን እሸጣለሁ እንጂ የሰው ቤት አልሠራም» የሚል ባለሱቅ ይኖራል። አነጋገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ሥራው የባለሙያው ነውና። ነገር ግን ገዢው ብዙ ጊዜ ሽቦን የሚለየው በቀለሙና በዋጋው ነው። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ለዓይን ከመዳብ ጋር ይመሳሰላል፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ግን ከመዳቡ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህን የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ ዐውቆ ዝም ያለም ከወቀሳ አያመልጥም።

በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል። አንደኛ፥ አስመጪው የሽቦው ውፍረትና የተሠራበት ማዕድን በትክክል የተጻፈበትን ዕቃ ብቻ ያስገባ። ሁለተኛ፥ ባለሱቁ ሽቦ ከመቁረጡ በፊት «ለምን ሥራ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ውፍረቱንም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ገዢውን የብቃት ማረጋገጫ ወዳለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይምራው። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው 10ኛው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚቀረው የተጻፈው ከመደርደሪያችን ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው።

ይህን በማድረግ ነጋዴው የሚያጣው ጥቂት፥ የሚያገኘው ግን ብዙ ነው። ወፍራሙ ሽቦ ዋጋውም ከፍ ያለ ስለ ሆነ በቅንነት የሚሸጥ ሰው በትርፍም አይጎዳም፤ ማዕድ ቤቱ በደኅና የቆመለት ደንበኛም ጎረቤቱን ይዞ ይመለሳል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለሁሉም ነገር ቢሆንም፥ ለዚህ ጉዳይ ግን ቃል በቃል የተነገረ ይመስላል።