ቴክኖሎጂን በወንፈል እንማር

ገበሬ ሥራ ሲበዛበት ወንፈል ይገባል። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረማል፣ ነገ የሌላው። ታዲያ እኛ ዕጩ መምህራን በቴክኖሎጂ ማስተማርን ለምን በየግላችን እንማራለን? ኮምፒውተር ለብቻው፣ የማስተማር ዘዴ ለብቻው ሲሰጥ ሁለቱን የማገናኘቱ ሥራ ለሠልጣኙ ብቻ ተተወ ማለት ነው።

እንደሚታወቀው ከዓመታት በፊት ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ይወስድ ነበር። ተማሪ እጁን ቢያወጣ ሥርጭቱ አይጠብቀውም። መምህሩም ለመክፈቻና ለመዝጊያ የቀረችለትን ጥቂት ደቂቃ ይዞ ዳር ይቆማል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ መምህሩ መሣሪያውን ካላዘዘ መሣሪያው መምህሩን ያዛል።

ለመሆኑ ከቦንጋ ስንወጣ የምንመደበው የት ነው? ዴቻ፣ ጨና፣ ጌሻ ወይም አዲዮ ይሆናል። በየገጠሩ የኮምፒውተር ክፍል ይጠብቀናል ብለን አንቁጠር። በኪሳችን ያለችው ስልክ ግን ያለ ኔትወርክም ድምፅ ትቀዳለች እኮ! ከመካከላችን ካፊኖኖ አፍ መፍቻው የሆነ አለ፤ ስልክ የሚያውቅበት አለ፤ ከሕፃናት ጋር የሚግባባ አለ። አንዱ የካፊኖኖ ተረት ቢያነብ፣ ሁለተኛው ቢቀዳው፣ ሦስተኛው ቢያስተምርበት፣ ባትሪው ቢያልቅ ትምህርቱ እንዴት እንደሚቀጥልም ሦስቱ አስቀድመው ቢመክሩ፣ የተሟላ ዝግጅት ይሆናል።

«ጊዜ አይበቃም» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ ሦስት ሆኖ ማቀድ ይረዝማል። «አንዱ ይለፋል፣ ሌሎቹ ማርክ ያገኛሉ» የሚሉም አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ሥራው በየሳምንቱ ይዟዟር፤ የቀዳው ያስተምር፣ ያስተማረው ይቅዳ። የወንፈልም ደንብ ይኸው ነው፤ ብድሩን ላልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ማን ይደርስለታል?

መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ወደ ማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት የኮምፒውተሩና የማስተማር ዘዴው መምህር ቢያንስ አንድ ትምህርት አብረው ገብተው ያሳዩን። አንዳቸው ሌላውን ሲጠይቁና ሲያርሙ እንይ። መምህር መምህርን ለመጠየቅ እንደማያፍር እዚህ ካላየን፣ ነገ በየገጠሩ ስንቸገር ማንን ደፍረን እንጠይቃለን? እኛ በበኩላችን ሦስት ሦስት ሆነን ለመመደብ ዝግጁ ነን።