ጌሾ ከውቅያኖስ ዳር

ከምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ለመድረስ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሆኖም እዚህ ለዓመታት ኖረው ባሕሩን ያላዩ ብዙ ባልና ሚስት አውቃለሁ። እሱ ቀን ይሠራል፣ እሷ ማታ። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለቅሶ፣ ክርስትና ወይም ምርቃት አይጠፋም። ሁለቱ ብቻቸውን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ረጋ ብለው የሚያወሩበት ቀን ከየት ይምጣ? እኔና ባለቤቴም እንደዚያው ነበርን። ግንቦት ላይ ግን ሁለታችንም ቅዳሜን አስፈቅደን፣ ቡናውን በፔርሙዝ፣ ዳቦ ቆሎውን በከረጢት ይዘን ወደ ደላዌር ወረድን።

የቼሳፒክን ድልድይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት መሻገር ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው ይህ ድልድይ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ በበጋ ቅዳሜ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ቀኑን በሰልፍ ይጨርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ለጥ ያለ ሜዳ፣ የበቆሎ ማሳና የዶሮ እርባታ ነው።

መጀመሪያ ያረፍነው ሉዊስ ነው፤ የደላዌር ባሕረ ሰላጤና ውቅያኖሱ የሚገናኙበት ትንሽ ከተማ። በግንቦት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ድንጋይ ልብስ ያለው ፍጥረት ከባሕሩ እየወጣ አሸዋው ላይ እንቁላሉን ይጥላል። እንግሊዝኛው ሸርጣን ቢለውም ዘመዶቹ ሸረሪትና ጊንጥ ናቸው። ቁጥሩ በዓለም ላይ እንደዚህ ሰላጤ የሚበዛበት ቦታ የለም። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስተው ወደ ካናዳ ሰሜን የሚበሩ ወፎች እዚህ የሚያርፉት እንቁላሉን በልተው ለቀሪው መንገድ አቅም ለማግኘት ነው። ደሙ ሰማያዊ ነው፤ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችና ክትባቶች የባክቴሪያ መርዝ እንደሌለባቸው ለአሥርተ ዓመታት ሲፈተሽ የኖረው በዚሁ ደም ነው።

አንዱ ማዕበል ገልብጦት በጀርባው ተኝቷል። እግሮቹ ባዶ አየር ይቧጥጣሉ፤ ጅራቱን አሸዋው ላይ ተክሎ ለመነሳት ይታገላል። የአካባቢው ሰዎች ጅራቱን ይዞ መጎተት እንደሚጎዳው ስለሚናገሩ ባለቤቴ ጎንና ጎኑን ይዛ ገለበጠችው። ትንሽ ቆሞ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ገባ። ባለቤቴ የሕሙማን ረዳት ናት፤ ሰው ማገላበጥ የየሌሊት ሥራዋ ነው። እዚያ ቆማ እጇን እያራገፈች የሳቀችው ሳቅ እቤት ውስጥ ከሰማሁት ቆይቷል። ለዚያ ሳቅ ብቻ እንኳ መንገዱን እንደገና እነዳዋለሁ።

ርሆቦት ቢች ከዚያ ቅርብ ነው። በ1873 ሜቶዲስቶች ለመንፈሳዊ ጉባኤ የመሠረቱት ከተማ ሲሆን ስሙን ያገኘው በኦሪት ዘፍጥረት ይስሐቅ ካስቆፈረው ጉድጓድ ነው። ባሕሩን ይዞ በተዘረጋው የእንጨት መንገድ ላይ ሆምጣጤ የፈሰሰበት ድንች ጥብስ በላን፣ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን ተቀመጥን። ስለ ባሕሩ ዳር ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ሄዳችሁ እዩት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢራው ሄድን። ዶግፊሽ ሄድ የሚባለው ጠማቂ እዚሁ ርሆቦት ውስጥ በ1995 የተጀመረ ቤት ነው። መሥራቹ ሳም ካላጂዮኒ ቤቱን ሊከፍት ሲነሳ የደላዌር ሕግ ጠምቆ እዚያው መሸጥን አይፈቅድም ነበር። እሱም ረቂቅ አዘጋጅቶ የምክር ቤቱን አባላት አሳምኖ ሕጉን አስለወጠ። ያን ጊዜ አንድ ጥንስሱ ከ45 ሊትር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ አንድ የደህና ሰርግ ጋን ማለት ነው። በ2019 ከቦስተን ቢር ኩባንያ ጋር ሲዋሃድ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ።

መሪው እኔ ዘንድ ስለነበር ቀማሿ ባለቤቴ ነበረች። የተለያየ ቢራ በትንንሽ ብርጭቆ በእንጨት ገበታ ላይ ቀረበላት። እሷ ደግሞ ደብረ ብርሃን ከእናቷ እጅ ሙያ የተማረች ናት፤ ለፋሲካ የምትጠምቀውን ጠላ የቀመሰ ያውቀዋል። ጥቁሩን አፏ ውስጥ ያዝ አድርጋ፣ «አሻሮው በደንብ ጠቁሯል፤ ግን አላረረም፤ ጥሩ እጅ ነው» አለች። ሆፕሱ የበዛበትን ቀምሳ፣ «የዚህ ምሬት ከፊት ነው የሚመታው፤ የጌሾ ግን ከዋጥሽው በኋላ ነው የሚመጣው» ብላ ለአስተናጋጇ አስረዳቻት። ልጅቷም ጠጋ ብላ ስለ ጌሾ ጠየቀቻት፤ ባለቤቴ ስለ ቅጠሉና ስለ እንጨቱ፣ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለጠጅ እንደሚሆን፣ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ እንዴት እንደሚታጠን ነገረቻት። በዚህ አገር በኖርንበት ዘመን ሁሉ ባለቤቴን ስለዚህ ሙያዋ እንዲህ በአክብሮት የጠየቃት ሰው አላየሁም። ከእኛም ወገን ቢሆን።

ጌሾ ለዚህ ቤት እንግዳ አይደለም። ማይልስ ዴቪስ በ1970 ያወጣው ዝነኛ የጃዝ አልበም 40ኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በ2010፣ ዶግፊሽ ሄድ በአልበሙ ስም አንድ ጥቁር ቢራ ጠምቆ ነበር። ሦስት እጁ ጠንካራ ስታውት፣ አንድ እጁ ደግሞ በጠጅ ወግ ማርና ጌሾ የገባበት ነው። ይህን ስሰማ አልተቆጣሁም፤ ደስ ብሎኛል፤ ጌሾውን ጌሾ ብለው ጽፈው ነው የሸጡት። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እኛ ጌሾውን በየመደብራችን ፌስታል ውስጥ እናገኘዋለን፤ ሙያው በየቤታችን አለ፤ ባለሙያዋን ግን አናውቃትም። ለሰርግ እናስጠምቃታለን፣ ጠጥተን እናወድሳለን፣ ማን ጠመቀው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አገር ቤትማ «የጠላ ሻጭ ልጅ» ስድብ ነበር፤ ስንቱ ዶክተርና ኢንጂነር በጠላ ሽያጭ ተምሮ ለወግ እንደበቃ እያወቅን።

እነዚህ ትንንሽ የቢራ ቤቶች ያላቸው ብልሃት ከእናቶቻችን አይበልጥም። ብቅሉን ምን ያህል ማብቀል፣ አሻሮውን መቼ ከምጣድ ማውጣት፣ ድፍድፉን ስንት ቀን ማቆየት፣ ጉሽ ይሁን ወይስ በደንብ ተጣርቶ ይውረድ፣ ይህ ሁሉ የጠማቂ ውሳኔ ነው። ልዩነቱ እነሱ ውሳኔውን ለጠጪው ይናገራሉ፤ የጠማቂው ስም ግድግዳው ላይ አለ፤ ጋኑ ከመስታወት ጀርባ ይታያል፤ ዋጋውም ያንን ያካትታል።

ሕጉም የሚያስፈራ አይደለም። በአሜሪካ ለቤት የሚሆን ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው፤ ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ድረስ መጥመቅ ይችላል። መሸጥ ሲመጣ ግን ፈቃድ ግድ ነው፤ ጠጅ ደግሞ በወይን ጠጅ ሕግ ነው የሚታየው። ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ በመደብር አይቻለሁ፤ ጠላን ግን በየትኛውም ቢራ ቤት ቧንቧ ላይ አላየሁም።

ወገናችን በእቁብ ታክሲ ገዝቷል፣ ምግብ ቤት ከፍቷል፣ የነዳጅ ማደያ ይዟል፤ የጠላ ቤት ለመክፈትም አያንስም። ስንመለስ ከድልድዩ በፊት ተሰልፈን ሳለ ባለቤቴ ሒሳቡን ጀምራዋለች፤ ስንት ጋን፣ ስንት ኩንታል ገብስ፣ የወይራው እንጨት ከየት ይገኛል፣ ጢሱን የሕንፃው ባለቤት ይፈቅዳል ወይ እያለች። የጠማቂዋን ስም በሩ ላይ ጽፎ የጠላ ቤት ለመክፈት የሚነሳ ወገን ካለ ይፈልገን። ባለቤቴ ሙያዋን ታመጣለች፤ የእኔ የእቁብ እጣም ለዚሁ ይውላል።