ወረፋው ባለቤት ይኑረው

«ፕሪንተሩ ተበላሸ» ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የማየው ማሽኑን ሳይሆን የሕትመት ወረፋውን ነው። ብዙ ጊዜ ከፊት የተገተረው በአሜሪካኖቹ ሌተር መጠን፣ 216 በ279 ሚሊሜትር፣ የተዘጋጀ አንድ ደብዳቤ ነው። ትሪው ውስጥ ያለው ኤፎር ስለሆነ ማሽኑ ሌተር ወረቀት እስኪገባለት ይጠብቃል። ከኋላው ፔሮል፣ የግዢ ሰነድ፣ ደግሞ ያው ደብዳቤ ተደራርቦ፤ አልወጣ ሲል «ፕሪንት» ደጋግመው ይጫናሉዋ! ያንን ደብዳቤ ከነድግግሞሹ መሰረዝ የደቂቃ ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ለየጠረጴዛው አዲስ ፕሪንተር ይገዛሉ፤ ቶነሩም በየዓይነቱ። እኔ የምለው፦ የሕትመት ሰርቨሩ ላይ ኤፎር ይወሰን፣ የፕሪንተሩ አይፒ አድራሻ አይቀያየር፣ ፔሮል በሚስጥር ቁጥር ይውጣ። ወረፋውን የማስተካከል ፈቃድ ደግሞ ለእኛ ለአይቲዎቹ ብቻ ሳይሆን ለጸሐፊዋም ይሰጥ፤ የማን ደብዳቤ ለስብሰባ እንደሚጠበቅ የምታውቀው እሷ ናት።